የተሰበረው ሞላና የእማማ መቀስ ጣቶች

ቅዳሜ ጠዋት እማማ መቀስ ከጎረቤት መሰላል ሊዋሱ ሲወጡ፣ መሰላሉ ላይ አንዲት ቱታ የለበሰች ወጣት ቆማ አገኙ። ከጎረቤቱ ጋራዥ በር በላይ ያለውን ብረት በጨርቅ ትወለውላለች።

እማማ መቀስ የተባሉት ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። አፋቸውም ይቆርጣል። ባላቸው ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ሲያፈስ፣ ማጠፊያ ሲወልቅ፣ መስታወት ሲሰነጠቅ ሰው ጠርተው አያውቁም። ይህንንም ላልጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ስትጨርሺ መሰላሉን አውሺኝ» አሉ ሰላምታም ሳያስቀድሙ።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ? መሰላሉ የእኔ ነው። ለምን ፈለጉት?»

«እኔማ ደህና አድሬ ነበር። ቁርሴን ሳልጨርስ ግን የገዛ ጋራዤ በር እንደ ጠመንጃ ተኮሰብኝ! ገብቼ ባይ ከበሩ በላይ ካሉት ሁለት ሞላዎች አንዱ ለሁለት ተበጥሷል። ልወጣና ሌላውን ላጠብቀው ነው።»

ወጣቷ ጨርቁን ኪሷ ከታ ቀስ ብላ ወረደች።

«በምን ሊያጠብቁት ነው?»

«በካቻቢቴ ነዋ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። አንዱን ካቻቢቴ ይሰካል፣ ይጠመዝዛል፣ ሌላውን ይሰካል። እኔ ከታች መሰላሉን እይዛለሁ። አንዱ ሲበጠስ የቀረውን እጥፍ ማጥበቅ ነው። ክር ሲሳሳ ደርበሽ አትሰፊም?»

«መሰላሉ ይሄድልዎታል። እኔም አብሬው እመጣለሁ።»

«አንቺን ማን ጠራሽ?»

«ማንም። መሰላሉን ብቻውን አልሰድም፣ እማማ።»

እማማ መቀስ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ምንድነው ሥራሽ?»

«በር ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምሬ፣ አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ በር! ደግ። ነይ እንግዲህ፣ ኢንጂነር። ከታች ሆነሽ ትይዥልኛለሽ።»

በወጥ ቤቱ ጠባብ በር ገቡ። ጋራዡ ውስጥ መኪና የለም። የእማማ መቀስ የስፌት መኪና፣ የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ያላለቁ ቀሚሶች ናቸው ያሉት። ትልቁ የእንጨት በር በየጠዋቱ ይከፈታል፤ ብርሃንና ደንበኛ የሚገባው በእሱ ነው። አሁን ግን ተዘግቶ፣ ከበላዩ ባለው ዘንግ ላይ ካሉት ሁለት ሞላዎች አንዱ ሁለት ጣት በሚያህል ክፍተት ተለያይቶ ይታያል። ካቻቢቴዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅተዋል።

«ይህ በር ስንት የሚመዝን ይመስልዎታል?» አለች ወጣቷ።

«በአንድ እጄ ነው የማነሳው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ አይደሉም የሚያነሱት። ሞላዎቹ ናቸው። በሩ የሁለት ጎልማሳ ሰው ክብደት አለው። ሞላዎቹ ተጠምጥመው ስለሚስቡት ነው ለእርስዎ የሚቀለው። አሁን ያ ጉልበት እዚያ ባልተሰበረው ሞላ ውስጥ ታፍኖ ቁጭ ብሏል። ሞላውን ከዘንጉ ጋር ያሰረውን ብሎን ሲያላሉት የሚይዘው ካቻቢቴዎ ብቻ ነው። ካቻቢቴ ደግሞ ሞላው ጫፍ ላይ ላለው ቀዳዳ ልኩ አይደለም፤ ያመልጣል።»

«ባለቤቴ ሃያ ዓመት ሲያደርገው አላመለጠውም!»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ዓይናቸው ግን ወደ መሬት ወረደ። ወጣቷ ይህን አየች። ከስፌት ቅርጫቱ አንድ የሱሪ ላስቲክ አነሳች። አንዱን ጫፍ ከጠረጴዛው እግር አሰረች፣ ሌላው ጫፍ ላይ እርሳስ አስገብታ እስኪቋጠር ድረስ ጠመዘዘችው።

«እባክዎ ይያዙልኝ።»

እማማ መቀስ ያዙ።

«አሁን ይልቀቁት።»

ለቀቁት። እርሳሱ ተሽከርክሮ ጣታቸውን ገርፎ ቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ ገባ። እማማ መቀስ ሰፈር የማይሰማውን ስድብ ሰደቡና ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

«ይህ የሱሪ ላስቲክ ነው፣ እማማ» አለች ወጣቷ ረጋ ብላ። «ያ ደግሞ ብረት ነው።»

አሮጊቷ የስፌት መኪናቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትዕቢት ከሰው ላይ እንደ ጠባብ ጫማ ነው የሚወልቀው፤ እያሳመመ። ለሰፈሩ ሁሉ፣ ለገዛ ልጃቸው ሳይቀር፣ የባላቸውን ሁለት ጣት የፋብሪካ መኪና እንደቆረጠው ነበር የተናገሩት። እሱ አፍሮ ስለለመናቸው ነው። አንደኛ ባለ እጅ የተባለ ሰው በገዛ ቤቱ በር ተሸነፈ እንዳይባል።

«አምልጦታል» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀን። እኔ መሰላሉን ይዤ ነበር። ደሙ እዚህ፣ ራሴ ላይ ነበር የተንጠባጠበው።»

«ታዲያ ይህን እያወቁ…»

«እያወቅሁ! ልጄ ለምሳ ይመጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹እማዬ፣ ብቻሽን ቤት ማስተዳደር አትችይም፣ ከእኛ ጋር ግቢ› ይለኛል። ባለፈው ወር አንድ አምፖል ቢቃጠል ግማሽ ቀን ሰበከኝ። ይህን በር ተዘግቶ ካገኘው ሻንጣዬን ራሱ ነው የሚያሰናዳው። ሰው ጠርቼ ካሠራሁም ‹አየሽ!› ይለኛል። እኔ ደግሞ ከዚህ የስፌት መኪና ተነስቼ የሰው ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ አላፈጥም።»

ወጣቷ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ቀሚሶች ዞረች።

«እማማ፣ ደንበኛዎ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ መቀሱን ሰጥተው ‹ራስሽ ቁረጪው› ይሏታል?»

«እጇን እሰብረዋለሁ እንጂ!»

«ታዲያ ወደ እርስዎ ስለመጣች ቤቷን ማስተዳደር አቃታት ይባላል?»

«ምን ነካሽ? ከእኔ አሰፍታ አምሮባት የምትወጣ ሴት እኮ ቤቷን የምታውቅ ናት።»

ከአፋቸው የወጣውን ራሳቸው ሰሙት።

«አንደበትሽ ከእኔ አይተናነስም፣ አንቺ» አሉ።

«አንድ ነገር ልጨምር። በሩ ተበላሽቶ ያሠራች እናት ብቻዋን ትኖራለች። ሁለት እጇ በፋሻ የተጠቀለለ እናት ግን በዚያው ቀን ነው የምትወሰደው። ልጅዎ እውነቱን ነው የሚባለው ያኔ ነው። መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡትም በእነዚያ ጣቶች ነው።»

እማማ መቀስ ካቻቢቴዎቹን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ጣሉና መሳቢያውን በጉልበታቸው ገፍተው ዘጉት። «ሥሪው። እኔ ከታች አልይዝም፤ ወጥ ቤት ሆኜ ነው የማየው።»

ወጣቷ የዓይን መነጽሯን አድርጋ፣ ለቀዳዳው ልክ የሆኑ ሁለት የብረት ዘንጎችና ሁለት አዲስ ሞላዎች ከመኪናዋ አመጣች።

«ሁለት? የተሰበረው አንድ አይደለም?»

«አብረው የተገጠሙ ናቸው። አንዱ ከደከመ ሌላውም ደክሟል፤ በወሩ ደግሞ ይተኩስብዎታል።»

ፊቷን ከሞላው ትይዩ ሳታደርግ፣ ወደ ጎን ቆማ፣ ሁልጊዜ አንዱን ዘንግ አጥብቃ ከሰካች በኋላ ብቻ ሌላውን እየነቀለች፣ የድሮዎቹን አላልታ አወረደች፤ አዲሶቹን ገጥማ ጠመዘዘች። እማማ መቀስ ዙሩን ከወጥ ቤት ሆነው እየቆጠሩ ነበር። ከዚያ በሩን እስከ ወገቧ አንስታ ለቀቀችው። እንደተሰቀለ ቀረ።

«እንዲህ ሲቆም ጤነኛ ነው። በየሦስት ወሩ ይሞክሩት፣ ሞላዎቹንም ዘይት ይቀቡ፤ ይህን ያለማንም ይችሉታል። ወደ ታች ከወደቀ ወይም ከከበደዎ ግን አይታገሉት። በእንጨት ደግፈው ከሥሩ አይለፉ። ይዝጉትና ይደውሉልኝ።»

«ስልክሽን እዚህ ጻፊልኝ» አሉ የልብስ ጠመኔያቸውን አቀብለው። «ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር ከሜትሬ ላይ አውቃለሁ።»

ቁጥሩ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጻፈ።

ልጃቸው ለምሳ ሲመጣ ትልቁ በር ተከፍቶ እናቱ በብርሃኑ ፊት ይሰፋሉ። ቀና ብሎ አየ።

«እማዬ፣ ሞላዎቹ አዲስ ናቸው። ማን ሠራቸው?»

«የምታውቅ። ጠዋት ተሰበረ፣ አሠራሁት፣ ይኸው ሥራዬ ላይ ነኝ። ሌላ የሚሰበክ አለህ?»

በሩን በአንድ ጣቱ ዝቅ አድርጎ መልሶ ከፍ አደረገው።

«ግሩም ነው። የእኔም ጋራዥ አንዱ ሞላ ተሰብሮ ሳምንት ሆነው። እኔ እንኳ ሰው አልጠራም፣ ነገ በካቻቢቴ የቀረውን ላጠብቀው ነው፣ አባባ ያደርግ እንደነበረው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። እማማ መቀስ ተነስተው ከጠረጴዛው እግር የታሰረውን ላስቲክ እርሳስ አስገብተው ጠመዘዙት፤ ወጣቷ ከጠመዘዘችው በላይ።

«ና ይህን ያዝ።»

«ምንድነው እሱ?»

«ያዝ አልኩህ። እህ፣ አሁን ልቀቀው።»

ልጁ ጮኾ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ያኔ እናቱ ስለ አባቱ ሁለት ጣት፣ ስለ መሰላሉ፣ ራሳቸው ላይ ስለተንጠባጠበው ደም፣ ምንም ሳያስቀሩ ነገሩት። ልጁ ጣቱን ከአፉ አወጣና አሥሩንም አንድ ጊዜ ተመለከታቸው። ስልኩን አውጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር እያየ መደወል ጀመረ።

«ምን ልበላት፣ እማዬ?»

«‹እማማ መቀስ ናት የላከችኝ› በላት» አሉ እማማ መቀስ በመርፌያቸው ቀዳዳ ክር በአንድ ጊዜ እያስገቡ። «‹መሰላል ቢለምንሽ እንዳትሰጪው› ብላለች በላት።»