የፀበሉና የላምባው ሃይላንድ

እማማ ፍቅርተማርያም በስደት፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ በኖሩባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት ደጃቸውን ያንኳኳ የመንግሥት ሰው ቢኖር ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የሚፈልግ ፖሊስ ብቻ ነው። ያን ዕለት ከአህያ ጋሪው ውሃ ሊያስቀዱ በሩን ሲከፍቱ፣ የመንግሥት ሰደርያ የለበሰች ልጅ ቆማ ቢያገኟት ፊታቸውን ቋጠሩ።

«የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አላለፈም! ሂጂ!»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ገሊላ፣ የልብስ ሰፊው የአያሌው ልጅ።»

«ውይ! ነርስ ሆነች አላሉም እንዴ? ይሄን ጨርቅ ማን አለበሰሽ?»

ገሊላ ጥላው ሥር ተቀምጣ በትሕትና አስረዳች። ሕፃናት ቤት ውስጥ እንዳይቃጠሉ፣ እንዳይመረዙ፣ ከከፍታ እንዳይወድቁ በአገሩ ሁሉ ቤት ለቤት የሚዞር የጤና ዘመቻ ነው። እማማ በግማሽ ጆሮ ሰሟት።

«ልጅ የሚጠብቅ እግዜር ነው። መንግሥትሽ የራሱን ልጆች ይጠብቅ፤ እኛ ስደተኞች ነን።»

«ላምባ ኢቃማ አይጠይቅም፣ እማማ። ያገኘውን ልጅ ነው የሚጎዳው።» ዓይኗ ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ሃይላንዶች ላይ አረፈ። «ውሃው የቱ ነው?»

«ውሃ አይደለም፣ ፀበል ነው! ከአገሬ ከጎንደር፣ በመተማ በኩል ሰው ያመጣልኝ። ያኛው ላምባ ነው፣ ለከሰል ማቀጣጠያ።»

ፀበሉን ሲያነሱ ያ ስለታም ምላሳቸው ለዘበ። የልጅ ልጃቸው ፅዮን ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ኤደን ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ስለምትሠራ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ልጅቱ በአገሩ አረብኛ «ሀቦባ» እንጂ «አያቴ» ማለት አታውቅም። እማማ ጧት ጧት ከፀበሉ አንድ ጉንጭ የሚያጎነጯት፣ አገራቸው በአፏ ባትገኝ በሆዷ እንኳ ትኑር ብለው ነው።

«ፅዮን ሁለቱን ትለያቸዋለች?»

«የኔ ልጅ ጅል መሰለችሽ? ፅዮንዬ! ያላ፣ ፀበሉን አምጪ!»

ልጅቱ ሮጠች። እጇ የቀደመበትን አነሳች፣ የላላውን ክዳን በጥርሷ ነቅላ ጧት ጧት እንደለመደችው አንጋጠጠች። ገሊላ ዘላ እጇን ያዘች። ላምባው አፏ ሳይገባ የልጅቱን ቀሚስ አርሶ ወለሉ ላይ ተንዠቀዠቀ።

ገሊላ ቀሚሱን አውልቃ የልጅቱን ገላ በሳሙና ስታጥብ፣ እማማ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ላምባ በጨርቅ ጠረጉ።

«የመጀመሪያ ልጄ የዚችን ታህል ነበረች» አሉ እማማ። «ላምባ ጠጣች። ወተት ግተን፣ ጣታችንን ጉሮሮዋ ከትተን አስታወክናት። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ቆመ። እግዜር ወሰዳት አሉኝ። አርባ ዓመት ከእግዜር ጋር ተኳርፌ ኖርኩ። ለካ ላምባውን ከውሃ ጎን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ የገደልኳት!»

«አይደለም፣ እማማ። ሲያስታውኩት ላምባው ሳንባ ውስጥ እንደሚገባ፣ ምንም ሳያጠጡ ወደ ሐኪም መሮጥ እንደሚሻል ማን ነገረዎት? የምንዞረው ለዚህ ነው። የተጎዳውን ልጅ ሁሉ እንመዘግባለን። ምን እንደጎዳቸው ከታወቀ፣ ላምባ በውሃ ዕቃ እንዳይሸጥ ማስከልከል ይቻላል። ይህን አንዲት እናት ብቻዋን አትችለውም።»

«ያኔ የት ነበራችሁ?» አሉ እማማ፣ እንባቸውን እንደ ዝንብ በቁጣ እየጠረጉ።

ገሊላ የላምባውን ሃይላንድ ከፀበሉ አርቃ ከፍ ካለ ቦታ አኖረችው።

ከወር በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ሰፈሩ ሌላ ሆኗል። ላምባው በቆርቆሮ ዕቃ፣ ቆርቆሮው በሳጥን፣ የሳጥኑ ቁልፍ እማማ አንገት ላይ ነው። ጎረቤታቸው ፋጤ በረኪናዋን የሰቀለችው፣ ባለሱቁ ጃፋር ላምባ በውሃ ፕላስቲክ መሸጥ የተወው ዘመቻውን ፈርተው እንዳይመስላችሁ። የእማማን ምላስ ፈርተው ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ቤት ትተው ሥራ ሲውሉ ልባቸው ያርፍ ጀመር። ኤደንም ከዓርብ እስከ ዓርብ ባለው ሌሊት ሁሉ ሳትሰጋ እንቅልፍ ይወስዳታል።

እማማ የገሊላን መዝገብ አዩት። ማንበብ አይችሉም።

«ይኼ የሞተ ልጅ ይቀበላል?»

«ለአሁኖቹ ነው፣ እማማ። ከአርባ ዓመት በፊት ያለውን…»

«ትርንጎ ነው ስሟ። ሦስት ዓመቷ ነበር። ላምባ። ጻፊ።»

ገሊላ ከገጹ ኅዳግ ላይ ጻፈች። እማማ ጣታቸውን ከፊደሉ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ፅዮንን ጠርተው፣ ፀበሉን በቀይ ኩባያ ራሳቸው ቀዱላት።