መርከብ ላይ ለቅሶ ስደርስ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ መርከብ የሚባል ነገር የምናውቀው የኖኅን ብቻ ነው። እሱንም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተስሎ፣ ዝሆኑ ኩምቢውን በመስኮት አውጥቶ። ዛሬ ታዲያ ጽጌ ብድግ ብላ "እማማ ጫልቱ፣ ልጄ የመርከብ ትኬት ቆረጠችልኝ፣ ምን ለብሼ ልሂድ?" ትለኛለች። እሰይ! ዘመን መጣ! የወሰን ሰፈር ሴት የጋራዡን ጭቃ ምን ተጫምቼ ልለፈው ማለቷ ቀርቶ ምን ለብሼ ውቅያኖስ ልሻገር ብላ ትጨነቅ! እሺ፣ ጠጋ በሉ፣ እነግራችኋለሁ። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ውቅያኖስ ላይ ተኝቼ የተነሳሁ እኔ ብቻ ነኝ፣ እና ልኮራ ነው። ምነው፣ አልኮራም እንዴ?

መጀመሪያ ጫማ። ተረከዝ ያለው እንዳትይዢ፣ አደራ! ወለሉ ከሥርሽ ይሄዳል። አንቺ ቆመሻል፣ እሱ ይሄዳል። እኔ ጠላ ሳልቀምስ ሁለት ቀን ሙሉ ስንገዳገድ ነው የሰነበትኩት፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ። በሦስተኛው ቀን ይለመዳል። ዝንጅብል ያዢ፣ ሆድሽን ሲያጥወለውልሽ ትንሽ ቆንጥረሽ ታኝኪያለሽ። ጋቢ ደግሞ አትርሺ። "ባሕር ሙቀት ነው" ይሉሻል፣ አትስሚያቸው። ውጭው ሙቀት ነው፣ ውስጡ ግን ማቀዝቀዣውን ለቀውት እንጦጦ በክረምት ነው! እና ነጠላሽን ውጭ ስትወጪ በመርፌ ቁልፍ ያዢው። የእኔን አንዱን ነፋሱ ከትከሻዬ ነጥቆኝ ሄደ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ዓሣ ይለብሰዋል።

የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ደወል ይደወላል። ሰዉ ሁሉ ብርቱካን የመሰለ ሰደርያ ይለብሳል፣ ብትሰጥሚ እንዲያንሳፍፍሽ ነው። አትደንግጪ፣ ልምምድ ነው። እኔ ግን ማን ነግሮኝ! "አለቅን!" ብዬ ተንበርክኬ "ራጉኤል ሆይ፣ ከዚህ ካወጣኸኝ ጃንጥላ አስገባለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ስለቴን ተናግሬ ሳልጨርስ ሰዉ ሰደርያውን አውልቆ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ያ ዋቃ! ጃንጥላውን ግን አስገብቻለሁ፣ ስለት ስለት ነው።

ታዲያ እንዴት ሄድኩ? መዓዛ ናት፣ የመጨረሻዋ ልጄ። መርከብ ላይ ነርስ ናት፣ ለሠራተኛ እናት በቅናሽ ይሰጣሉ መሰለኝ። አንድ ቀን ደወለችና "እማዬ፣ ዱባይ ድረስ በአውሮፕላን ትመጫለሽ፣ ከዚያ ሰባት ቀን በመርከብ እስከ ስሪላንካ ትሄጃለሽ" አለችኝ። "ሰባት ቀን ውሃ ላይ? ምን አጠፋሁ?" አልኳት። እሷ ለምን እንደጠራችኝ ግን ጠፍቶኝ አይደለም። ጥቁሬን ልታስወልቀኝ ነው።

ገመቹ፣ ባለቤቴ፣ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፣ እና እኔ ከጥቁር አልወጣሁም። አርባውን አወጣሁ፣ ሙት ዓመቱን አወጣሁ፣ ጥቁሩ ግን እላዬ ላይ ቀረ። የእድር ሴቶች መጥታችሁ "ኧረ በቃሽ፣ የሞተ አይመለስም" ብላችሁ ለመናችሁኝ፣ እኔ እምቢ። ጽጌ፣ አንቺ ራስሽ የገዛሽልኝን ነጭ ሻሽ መልሼ ሰጥቼሻለሁ። ተቀይመሽኝ ነበር፣ አውቃለሁ፣ ዝም በይ። ምክንያቱን ግን አልነገርኳችሁም። ዛሬ ልናገረው።

የነሐሴ መባቻ ነው። ራጉኤል ነው፣ ፍልሰታም የምትገባበት። በጠዋት ተነስቼ ነጠላዬን ስለብስ ገመቹ አልጋው ላይ ተቀምጦ "ዛሬ እንኳ ቅሪ ጫልቱ፣ ደረቴን ጨነቀኝ" አለኝ። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? "አንተ ደግሞ ራጉኤል በመጣ ቁጥር ያምሃል!" አልኩት። እውነትም ይል ነበር እኮ፣ ለብቻው መቅረት አይወድም። ታዲያ "እሺ፣ ሂጂ፣ ጭቃውን ተጠንቀቂ" አለኝ። ሄድኩ። እንጦጦን ወጣሁ፣ አስቀደስኩ፣ ከሰዓት ስመለስ ደጃፌ ላይ የድንኳን እንጨት እያወረዱ ደረስኩ። በቃ። እና ጥቁሩን የለበስኩት እናንተ እንደምታስቡት ለሐዘን ብቻ አልነበረም። ይበለኝ ብዬ ነው፣ ቅጣቴ ነው። የታመመ ባሏን ትታ ለሄደች ሴት ነጭ ምን ይሠራላታል?

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከመሞቱ ሳምንት በፊት ሽሮ ሜዳ ወርዶ ቀሚስ ገዝቶልኝ ነበር። ጥለቱ አረንጓዴ፣ ልክ የገብስ ቡቃያ። ልለካው ስል ከእጄ ነጠቀኝና እየሳቀ "አሁን አይደለም! ለእንቁጣጣሽ ነው የምትለብሺው!" ብሎ ሳጥን ውስጥ ከተተው። እሱ እንቁጣጣሽን አላያትም። እኔም ከዚያ ወዲህ ቀሚሱን በዓይኔ አላየሁትም።

እና ወደ መርከቡ ልመልሳችሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መዓዛ አንድ ወረቀት አልጋዬ ላይ አስቀምጣ "እማዬ፣ ዛሬ ማታ እራቱ ለየት ይላል፣ ልብሱ..." ብላ ስትጀምር ስልኳ ጮኸ፣ አንድ ሽማግሌ ደረጃ ላይ ወደቁ ተባለ፣ እሷም ሮጠች። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ገልብጬ አየሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

አመሻሹ ላይ ልበላ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። በሩ ላይ ቀጥ! ትናንትና በቁምጣ፣ በአበባ ሸሚዝ ሲንጋጋ የነበረው ሕዝብ በሙሉ ጥቁር ለብሷል። ወንዱ ጥቁር ሱፍ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ቋጠሮ። ሴቱ እስከ መሬት ጥቁር። ሰዉ በለሆሳስ ነው የሚያወራው፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንዱ ክራሩን አገጩ ሥር አድርጎ... ቫዮሊን ነው አሉኝ በኋላ... እሱን አንጀት በሚበላ ዜማ ያስለቅሰዋል። እኔ ወዲያው ገባኝ። "ሰው ሞቷል!" አልኩ። "ያ ደረጃ ላይ የወደቀው ሽማግሌ ሞተ፣ እኔ እዚህ እራት ልበላ መጣሁ!"

ታዲያ ምን ላድርግ? ንገሩኝ እስቲ! ሰው ሞቶ ቁጭ ብሎ ይበላል? ነጠላዬን ገልብጬ ጥለቱን ወደ ላይ አደረግኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ፣ ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ጀመርኩ። እንግሊዝኛዬ ታክሲ ውስጥ የሰው እግር ስረግጥ የምለው "ሶሪ" ብቻ ናት። "ሶሪ፣ እግዜር ያጥናችሁ። ሶሪ፣ እግዜር ያጥናችሁ።" እየዞርኩ ዝቅ እያልኩ። ሰዉ ጨዋ ነው፣ ብድግ ይልልኛል። አንዱ ሰውዬ እጄን ሳመኝ። "ወንድምየው ነው" አልኩ በልቤ፣ እሱን ቆም ብዬ አጽናናሁት። አንዷ ወንበር ስባ ተቀመጪ አለችኝ፣ "አይ፣ ልጨርስ" ብዬ አለፍኩ። ስድስት ጠረጴዛ ደረስኩ!

ሰባተኛው ላይ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ተቀምጣለች። የእኔ እኩያ ናት። ምን ብትለብስ ጥሩ ነው? ቀይ! በርበሬ የመሰለ ቀይ! ደሜ ፈላ። እናንተ ታውቁኛላችሁ፣ ዝም ማለት አልችልም። "ምነው እህቴ?" አልኳት በአማርኛ፣ "በሰው ለቅሶ ቀይ? ሽበትሽንስ አታፍሪውም?" አልኳት። እሷ ዓይኔን ዓይኔን ታያለች። ከዚያ ደግሞ ራራሁላት፣ ምናልባት ሌላ ልብስ አጥታ ይሆናል አልኩና እጇን ይዤ "ሶሪ" አልኳት፣ "ሶሪ እህቴ።" ይሄኔ ሴትየዋ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

መዓዛ በነጭ ገዋኗ እየሮጠች መጣች። አስተናጋጆቹ ጠርተዋት ነው።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ለቅሶ እየደረስኩ ነዋ! አንቺስ ሰውዬው መሞቱን ለምን አልነገርሽኝም?"

"የቱ ሰውዬ?"

"ደረጃ ላይ የወደቀው!"

"ኧረ እሱ ደህና ነው! ያውልሽ፣ እዚያ ጋ ሾርባ ይጠጣል!"

"ታዲያ ሰዉ ለምን ጥቁር ለበሰ?"

መዓዛ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋን ጠረገች። "እማዬ፣ የክብር እራት ነው እኮ! እነሱ ሲያጌጡ ጥቁር ነው የሚለብሱት! አንቺን ደግሞ ከሁሉም በላይ አምሮባታል እያሉ ነው!" አለችኝ። ሰማችሁ? ወሰን ሙሉ እያዘነልኝ፣ እኔ ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ የግብዣ ልብስ ለብሼ ኖሬያለሁ!

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። ሄለን ነው ስሟ። እጄን እንደያዘች መዓዛን አንድ ነገር ጠየቀቻት፣ መዓዛም ፊቷ ተለወጠ። "እማዬ፣ ባሌ መሞቱን ማን ነገራት ነው የምትለው። እዚህ መርከብ ላይ ለማንም አልተናገርኩም ነው የምትለው" አለችኝ።

ተቀመጥኩ። መዓዛ መሐላችን ቁጭ ብላ ታስተረጉማለች። ለካ ጉዞውን ከባሏ ጋር ሊሄዱ አስበውት ኖረዋል፣ ቀኑ ሳይደርስ ሞተ። ቀዩን ቀሚስ የገዛላት እሱ ነው፣ ለዚች መርከብ ብሎ። "ሰው ጥቁር ሲለብስ አይቻለሁ፣ እኔም ጥቁር አለኝ፣ ግን ይሄን ልበሺልኝ ብሎኛል" አለች። እኔ ያን ጊዜ ተሸነፍኩ። ለእናንተ፣ ለገዛ ልጄ እንኳን ያልነገርኩትን ለማላውቃት ሴት ዘረገፍኩት። የነሐሴውን ጠዋት፣ "ራጉኤል በመጣ ቁጥር ያምሃል" ያልኩትን፣ የድንኳኑን እንጨት፣ ሳጥን ውስጥ ያለውን ቀሚስ። መዓዛ እያስተረጎመች ታለቅሳለች፣ እሷም ገና መስማቷ ነው።

ሄለን ሰማች፣ ሰማችና እንዲህ አለችኝ። "ባልሽ ሁለት ነገር ነው የለመነሽ። ቅሪ አለሽ፣ እምቢ አልሽው። ልበሺ አለሽ፣ ይኸው ሦስት ዓመት እምቢ እያልሽው ነው። የመጀመሪያው አልፏል። ሁለተኛውን ለምን እምቢ ትይዋለሽ?"

ልጆቼ፣ ቄስ መክሮኛል፣ እናንተ መክራችሁኛል፣ እንደዚህ ያለኝ ግን የለም። እኔ እኮ ገመቹን የምክስ መስሎኝ ነበር። ለካ ያንኑ እምቢታ ነው ስደግመው የኖርኩት! አለቀስኩ፣ ያ ሁሉ ያጌጠ ሰው እያየኝ አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። አስተናጋጁ ውሃ አመጣልኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ክፍላችን ስንገባ "ምነው ቀሚሱን ይዤው መጥቼ ቢሆን" አልኩ። መዓዛ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ሳበች፣ ከልብሶቿ ሥር አወጣችው። ባለፈው እረፍቷ ከወሰን ስትመለስ ከሳጥኔ ሰርቃው፣ መርከብ ለመርከብ ይዛው ስትዞር ከርማለች! "ሌባ!" አልኳት፣ አቀፍኳት። ስንት ወር ዝም ብላ ጠብቃኛለች፣ ዕድሜዋን ያርዝምልኝ።

በስድስተኛው ቀን ደግሞ ሁለተኛው የክብር እራት ነበር። ለበስኩት። ትንሽ ሰፍቶኛል፣ ከስቼ ነበራ። ነጠላዬን ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ ስገባ ሰዉ ሁሉ ጥቁር፣ ሄለን ቀይ፣ እኔ ነጭ በአረንጓዴ። ያ እጄን የሳመኝ ሰውዬ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበልኝ። ሄለን ክንዴን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠችኝ፣ ቋንቋ የለን ምን የለን፣ እየተያየን በላን። በልቤ "ገመቹ፣ ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም" አልኩት። ቀለል አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ደረቴን ቀለል አለኝ።

ጃንጥላውን ይዤ እንጦጦ ራጉኤል የወጣሁት በዚሁ ቀሚስ ነው። ያቺን ዳገት ገመቹ ከሞተበት ቀን ወዲህ ወጥቻት አላውቅም ነበር። ተመስገን፣ አምላኬ ተመስገን! ልጄን ሰጠኝ፣ መርከቧን ሰጠኝ፣ ከማላውቀው አገር እህት አምጥቶ ሰጠኝ። ጽጌ፣ ምን ልልበስ አላልሽኝም? የወደደሽ ሰው የገዛልሽን ልበሺ። ለሌላው ላስቲክ ጫማና ጋቢ ይበቃል።

"እማማ ጫልቱ፣" አለች ጽጌ፣ "ለዚያ ለክብር እራቱ ግን እኔ ጥቁር ቀሚስ የለኝም። የእርስዎን ቢያውሱኝስ?"

ውይ ይቺ! ሳቋን እዩልኝ! ውሰጂው፣ ታጥቦ ተቀምጧል፣ ተውቢበት። ግን ማዋስ አይደለም። አትመልሺልኝ።